ናይቫሻ ሐይቅ፦ ዓሣ እያለ ባሱ ለምን ጠፋ?

በኬንያው ናይቫሻ ሐይቅ ላይ ጀልባዎቹ ዛሬም ዓሣ ጭነው ይመለሳሉ። ጭነቱ ግን ለረጅም ጊዜ አብዛኛው ካርፕ የተባለ ዓሣ ሆኖ ቆይቷል። ሐይቁን በመንጠቆ አጥማጆች ዘንድ ያስጠራው ባስ የተባለው አዳኝ ዓሣ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያዝ ሆኗል። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ ሁሉም የየራሱ ፈጣን መልስ አለው። አንዱ ሕገወጥ መረብ ነው ይላል። ሌላው የአበባ እርሻዎቹን ይከሳል። ሦስተኛው ካርፑ ጨረሰው ይላል። በሦስቱም ውስጥ እውነት አለ። እኔ ግን ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ስከታተለው፣ የባሱን ዕጣ የወሰነው የነገሮቹ ቅደም ተከተል ነው ብዬ አምናለሁ። ምን ከምን በኋላ ወደ ሐይቁ እንደገባ፣ የትኛው መፍትሔ የትኛውን ችግር እንደወለደ ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ ታሪኩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐይቁ ምን ዓይነት ነው?

ናይቫሻ ከናይሮቢ በስተሰሜን ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ከባሕር ወለል በላይ 1,890 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛል። ስፋቱ ቋሚ አይደለም። ዝናብ ሲጠፋ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ሲሞላ ከ150 ሊያልፍ ይችላል። ጥልቀቱም ትንሽ ነው። ክሬሰንት ደሴት አጠገብ ካለው የሰመጠ የእሳተ ገሞራ አፍ በስተቀር፣ አብዛኛው ክፍል ጥቂት ሜትሮች ብቻ ነው። ይህን ያዙልኝ። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ውሃው በአንድ ሜትር ሲወርድ ዳርቻው በመቶዎች ሜትር ይሸሻል። ዓሣ የሚራባው ደግሞ እዚያው ዳርቻ ላይ ነው።

ሌላው ልዩ ነገር ውሃው ጨዋማ አለመሆኑ ነው። በዓይን የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም። ጎረቤቶቹ ኤለመንታይታና ናኩሩ እንደኛ አቢያታና ሻላ ሶዳማ ናቸው። ናይቫሻ ግን ውሃው ከመሬት በታች ሰርጎ ስለሚወጣ ጨውን ይዞት ይሄዳል። ዋናው መጋቢው የማሌዋ ወንዝ ነው። ወንዙ ከኒያንዳሩዋ ተራሮች ተነስቶ የኪናንጎፕን አምባ አካሎ ይወርዳል። ሐይቁ በ1995 ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ካላቸው ረግረጋማ ቦታዎች ተርታ በራምሳር ስምምነት ተመዝግቧል።

አሁን ወደ ዓሣው። በናይቫሻ ውስጥ በተፈጥሮ የነበረው ዓሣ አንድ ዓይነት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። እሱም ለገበያ የማይሆን ጥቃቅን ዓሣ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1962 ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው በልቶት የሚያውቀው የናይቫሻ ዓሣ በሙሉ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ወይ ሰው አምጥቶ ጨምሮታል፣ ወይ በወንዙ በኩል ራሱ ገብቷል። ይህ ጉዳዩን ከብዙ የአፍሪካ ሐይቆች ይለየዋል። "ነባሩን ከመጤው እናድን" ብሎ መጀመር አይቻልም። ባሱም መጤ ነው።

ባሱ እንዴት መጣ?

በመጀመሪያ፣ በ1925፣ አንድ የቲላፒያ ዝርያ ተጨመረ። ቲላፒያ ማለት እኛ ቆሮሶ የምንለው ዓሣ ነው። ቀጥሎ በ1920ዎቹ ማብቂያ ላይ ትውልዱ ሰሜን አሜሪካ የሆነው ሰፊ አፍ ባስ ገባ። ኬንያውያን ብላክ ባስ ይሉታል። ያመጡት የቅኝ ግዛቱ ሰፋሪዎች ነበሩ። ዓላማቸው ገበያ ሳይሆን የመንጠቆ ስፖርት ነበር። ባስ መንጠቆ ሲይዘው ይዘላል፣ ይታገላል፣ አጥማጁን ያለፋል። የመጀመሪያው ሙከራ ብዙ አልዘለቀም። በ1940 እና በ1951 እንደገና ተጨመረና ለመደ። በ1956 ደግሞ ሌሎች ሁለት የቲላፒያ ዝርያዎች ገቡ። በ1959 በመረብ የሚካሄድ የንግድ ዓሣ ማስገር ተከፈተ። ሥራው በሁለት የቲላፒያ ዝርያዎችና በባስ ላይ ቆመ።

ሥራው ሲጀመር ምርቱ በፍጥነት አደገ። በ1970 ከ1,000 ቶን በላይ ዓሣ ተያዘ። ለዚያች ትንሽ ሐይቅ ይህ ከባድ ቁጥር ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የዚያ ጥቂት እጅ ብቻ ቀረ። እዚህ ላይ የመረብ ነገር እውነት ነው። ሐይቁ ከሚችለው በላይ ታጨደ። ሕጉ የመረቡ ቀዳዳ ከ100 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ይላል። ሌሊት ሌሊት ግን ጠባብ መረብ፣ ከዳርቻ እየጎተቱ ትንሽ ትልቁን የሚጠርግ መረብ፣ አልፎ ተርፎም የወባ አጎበር ውሃ ውስጥ ይገባ ነበር። ይህ ችግር ዛሬም አልጠፋም።

ነገር ግን መረብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚህ ባበቃ ነበር። መረቡን ትቀንሳለህ፣ ዓሣው ይመለሳል። ናይቫሻ ላይ እንዲህ አልሆነም።

አበላቸው፣ ቤታቸውን አፈረሰባቸው

በዚያው በ1970 ሌላ እንግዳ ገባ። ቀይ የረግረግ ክሬይፊሽ ይባላል። ትውልዱ ከአሜሪካ ሉዊዚያና አካባቢ ነው። ሁለት መቆንጠጫ ያለው፣ ትንሽ ሎብስተር የሚመስል፣ ታች በጭቃው ላይ የሚሄድ እንስሳ ነው። ያመጡት ለገቢ ነው፤ በእርግጥም ለጥቂት ዓመታት ወደ አውሮፓ ተልኮ ገንዘብ አስገኝቷል። ለባሱም መልካም ዜና ነበር። ተመራማሪዎች የናይቫሻ ባስን ሆድ ከፍተው ሲያዩ ትልልቆቹ በአብዛኛው የሚበሉት ክሬይፊሽ ሆኖ አገኙት። ትንንሾቹ ግን ክሬይፊሽ ለመዋጥ አፋቸው አይበቃም። እነሱ የሚኖሩት በውሃ ውስጥ ነፍሳትና በመሰል ጥቃቅን ፍጥረታት ላይ ነው።

ችግሩ ክሬይፊሹም መብላቱ ነው። የሚበላው ደግሞ የውሃ ውስጥ ዕፅዋትን ነው። ናይቫሻ ከዚያ በፊት በሰማያዊ የውሃ አበባዋ የታወቀች ነበረች። ታችዋም በሣር መሰል ዕፅዋት የተሸፈነ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ አበባውም ዕፅዋቱም ከሞላ ጎደል ጠፉ። ከዚያ በኋላ ክሬይፊሹ ሲቀንስ ዕፅዋቱ ያገግማል፣ ሲበዛ ይጠፋል። ለዓመታት እንዲህ ሲወጣና ሲወርድ ኖረ።

ዕፅዋቱ ለባስ ምንድን ነው? አንደኛ፣ ለጫጩቱ መደበቂያ ነው። ሁለተኛ፣ ጫጩቱ የሚበላቸው ነፍሳት የሚኖሩት ቅጠሉ ላይ ነው። ሦስተኛ፣ ሥሩ ጭቃውን ይይዛል፣ ውሃውም ጥርት ይላል። ስለዚህ ክሬይፊሹ ትልልቆቹን ባሶች እያበላ ልጆቻቸውን ቤት አሳጣቸው። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ነገር አለ። በዚያን ጊዜ የሚያዙትን ትልልቅ ባሶች ብቻ የሚያይ ሰው ሁሉ ሰላም መስሎት ነበር። ጉዳቱ የተጀመረው በታናናሾቹ ላይ ነው። እነሱን ደግሞ ማንም አይመዝናቸውም።

በውሃው ላይም ሌላ ነገር እየተከናወነ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሳልቪኒያ የተባለ ተንሳፋፊ አረም ገባ። በ1988 ደግሞ እኛ በጣና ላይ በደንብ የምናውቀው እንቦጭ ታየ። እንቦጭ ዳርቻውን ሲሸፍን ጀልባ ማስገባትም ማውጣትም ፈተና ይሆናል። ከሥሩ ያለው ውሃ ብርሃን ያጣል፤ የሞተው ሲበሰብስ ኦክስጅን ይበላል። የጣና ዳር ሰው ይህን እንዲነግሩት አይፈልግም።

አበባው

ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሐይቁ ዙሪያ መልኩን ለወጠ። ፀሐይ፣ ከፍታ፣ ጨው የሌለው ውሃ እና ለናይሮቢ አየር ማረፊያ መቅረብ አንድ ላይ ተገኙ። አውሮፓ የምትገዛው ጽጌረዳ እዚያ ማደግ ጀመረ። ዛሬ የኬንያ የአበባ ምርት አብዛኛው የሚመጣው ከናይቫሻ ዙሪያ ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሥራ አገኙ። ሥራ ፈላጊው ከመላ አገሪቱ መጣ። የፍሳሽ መስመር የሌላቸው ሰፈሮች በሐይቁ ዳር ተደረደሩ።

በአበባ እርሻዎቹ ላይ የሚቀርበው ክስ ሁለት ነው፤ ውሃውን ይስባሉ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት ይለቃሉ። የመጀመሪያው የማይካድ ነው። ውሃው ከሐይቁም ከጉድጓድም ይሳባል። ድርቅ ሲመጣ ይህ በግልጽ ይታያል። በ2009 ማብቂያ ላይ ሐይቁ በአሥርተ ዓመታት ውስጥ ካየው ዝቅተኛ መጠን ደረሰ። ዳርቻው ሸሸ፣ ደንገሉ ደረቅ መሬት ላይ ቀረ። በየካቲት 2010 ዝናብ ድንገት ሲወርድ ብዙ ዓሣ ሞቶ ተንሳፈፈ። ሕዝቡ እርሻዎቹን ከሰሰ። የተሰጠው ሳይንሳዊ ማብራሪያ ግን ጎርፉ ካመጣው ቆሻሻ ጋር የውሃው ኦክስጅን አለቀ የሚል ነበር።

እኔ የአበባውን ኃላፊነት አላቀልም። ግን አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ወደ ሐይቁ የሚገባው ጭቃ አብዛኛው ከላይ ነው የሚመጣው። ከነጻነት በኋላ በኪናንጎፕ አምባ ላይ መሬት ለገበሬ ተከፋፈለ። ቁልቁለቱ ድንችና ጎመን ሆነ። ደኑ ተመነጠረ። እያንዳንዱ ዝናብ አፈር ይዞ በማሌዋ ይወርዳል። ድሮ ወንዙ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በሰሜን በኩል ሰፊ የደንገል ረግረግ ነበር። ደንገሉ ደለሉን አጣርቶ ያስቀር ነበር። ውሃው ሲሸሽና ደንገሉ ሲደርቅ ከብትና ጎሽ ገብቶ ረገጠው፤ ሌላው ታርሶ ጠፋ። ማጣሪያው ከተነሣ በኋላ ጭቃው ያለ ከልካይ ይገባል። ከጭቃው ጋር ፎስፈረስ አለ። ፎስፈረሱ አልጌ የተባሉትን ጥቃቅን አረንጓዴ የውሃ ፍጥረታት ይመግባል። ውሃው አረንጓዴ ቡናማ ሆነ።

ለብዙ ዓሣ ይህ ችግር አይደለም። ለባስ ግን ሞት ነው። ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆም ብለን እንይ።

ባስ የሚያድነው በዓይኑ ነው

ባስ ታዳኙን አይቶ ነው የሚዘልበት። ውሃው ሲደፈርስ እጁን የታሰረ አዳኝ ይሆናል። ቲላፒያ አልጌ ይበላል፣ አምባዛ በጭለማ በጢሙ እየዳሰሰ ያገኛል፣ ካርፕ አፉን ጭቃ ውስጥ ሰድዶ ይመጠምጣል። ከሁሉም በላይ ጥርት ያለ ውሃ የሚፈልገው ባስ ነው።

አራባቡም እንደዚሁ ነው። ወንዱ ባስ ጥልቀት በሌለው ዳር ላይ ጠንከር ያለ መሬት ይመርጣል። በጅራቱ እየጠረገ ክብ ጎድጓዳ ጎጆ ይሠራል። ሴቷ እንቁላል ትጥልና ትሄዳለች። ወንዱ ግን ይቀራል። እንቁላሉን በክንፉ እያራገበ ንጹሕ ውሃ ይሰጠዋል። የሚጠጋውን ሁሉ ያባርራል። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ አብሯቸው ይዋኛል። በዚያን ሰዓት ወንዱ በመረብ ወይም በመንጠቆ ቢያዝ እንቁላሉ ወዲያው ይበላል። ደለል ቢተኛበት እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። ውሃው በድንገት ቢሸሽ ጎጆው ደረቅ ይቀራል። ሌላ ዓሣ ታቹን ቢያገላብጥ ጎጆው ይፈርሳል።

እነዚህን አራት ነገሮች ልብ በሉ። ናይቫሻ ላይ አራቱም ደርሰዋል። ከዳርቻ የሚጎተተው መረብ ወንዱን ጎጆው ላይ ያገኘዋል። ደለሉ ከኪናንጎፕ ይመጣል። ውሃው ይወጣል ይወርዳል። አራተኛውን ይዞ የመጣው ካርፕ ነው።

ሐይቁ የተዘጋበት ዓመት

በ2000 አካባቢ ምርቱ እጅግ ወርዶ ነበር። መንግሥት ከባድ ውሳኔ ወሰነ። ከ2001 መጀመሪያ ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያህል ዓሣ ማስገር ሙሉ በሙሉ ተከለከለ። ቤተሰቡን በመረብ ለሚያስተዳድር ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ቢሆንም ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ዓሣው እረፍት ያስፈልገው ነበር። ከዚያም የጀልባ ቁጥር ተገደበ፤ ፈቃድና ቁጥጥር ጠበቅ አለ። የዓሣ አስጋሪዎቹ የዳርቻ ማኅበራትም በአስተዳደሩ ውስጥ ቦታ አገኙ።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በ1999 አካባቢ፣ ከላይኛው ተፋሰስ በማሌዋ ወንዝ በኩል ካርፕ ወደ ሐይቁ ሾልኮ ገብቶ ነበር። ለናይቫሻ ብሎ ያመጣው የለም። ግን ወንዙ ወደ ሐይቁ እንደሚወርድ የማያውቅ አልነበረም። በ2001 በሐይቁ ውስጥ መኖሩ ታወቀ። መረብ በሌለበት ዓመት፣ ተቀናቃኝ በሌለበት ውሃ፣ ካርፕ ተመቻቸ። አንዲት ትልቅ የካርፕ እናት በአንድ ወቅት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ጎጆ አይሠራም፣ ጠባቂ አያቆምም። ዕፅዋት ላይ በትኖ ይሄዳል። የደፈረሰ ውሃ አያስጨንቀውም። እንዲያውም የሚያደፈርሰው እሱ ነው። ምግብ ፍለጋ ጭቃውን ሲምስ ዕፅዋቱን ይነቅላል። የተኛውን ፎስፈረስ ቀስቅሶ ወደ ውሃው ይመልሳል። ትንንሽ ባሶች የሚበሏቸውን የታች ነፍሳትም ይጨርሳል።

ሐይቁ ሲከፈት መረብ ውስጥ የገባው አዲስ ዓሣ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ካርፕ ቁጥር አንድ ሆነ። በ2010 አካባቢ ከሚያዘው ዓሣ ከ90 በመቶ በላይ ካርፕ ነበር። ቲላፒያው ጥቂት ድርሻ ያዘ። ባሱ ከዚያም አነሰ።

እዚህ ላይ መጀመሪያ ያነሳሁት የቅደም ተከተል ነገር ይመጣል። ባስ ራሱ ካርፕን መቆጣጠር ነበረበት የሚል ሰው አለ። አዳኝ ነው፣ ትንንሽ ካርፕ ይብላ። በሌሎች አገሮች ባስ ሲገባ ነባር ዓሣዎችን የሚያጠፋ ወራሪ ተብሎ ይፈራል። ናይቫሻ ላይ ወራሪው ራሱ ተሸነፈ። ካርፕ ሲመጣ ባሱ ቀድሞውኑ ደክሞ ነበርና። ዕፅዋቱ በክሬይፊሽ ተበልቷል። ውሃው ደፍርሷል። ትልልቆቹ በመረብ አልቀዋል። ያ ካርፕ በ1960ዎቹ ጥርት ባለና በዕፅዋት በተሞላ ውሃ ውስጥ ብዙ ባስ ጠብቆት ቢሆን ኖሮ እንደዚህ በቀላሉ ይነግሥ ነበር ብዬ አላስብም። ይህ የእኔ ግምት ነው። ግን ባስ በዓይኑ እንደሚያድን የሚያውቅ ሰው ግምቱን የሚቀበለው ይመስለኛል።

የእገዳው ዓመትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። እገዳው መረብን አቆመ። ደለሉን አላቆመም፤ ደንገሉን አልተከለም፤ ከላይ ተፋሰሱ ላይ ምን እየተለቀቀ እንዳለ አልተቆጣጠረም። ባስ ከመረብ ያመለጠበት ዓመት ጎጆ የሚሠራበት ንጹሕ መሬት ያገኘበት ዓመት አልሆነም።

ቶኑ የሚደብቀው

ከካርፕ መምጣት በኋላ የናይቫሻ ምርት በጠቅላላ ክብደት አገገመ። ሪፖርት የሚያነብ ባለሥልጣን ደስ ሊለው ይችላል። ለዓሣ አስጋሪውም ምግብና ገቢ መጣ። ይህን አላናንቅም። ካርፕ አጥንት ይበዛበታል፣ የጭቃ ጣዕምም አለው ተብሎ ይታማል። ሆኖም ተጠብሶ ለብዙ ደሀ ቤተሰብ ምሳ ሆኗል። ዓሣ የሚሸጡት እናቶች በእሱ ልጅ ያስተምራሉ። "ካርፕን አጥፉልን" ማለት ለነሱ ስድብ ነው፤ ደግሞም የሚቻል አይደለም።

ነገር ግን ጠቅላላ ቶን ብቻ ከተቆጠረ የባሱ መውረድ አይታይም። አንዱ ዓሣ የሌላውን ክፍተት ሞልቶ ቁጥሩን ያስተካክለዋል። ባስ ለናይቫሻ ከክብደቱ በላይ ዋጋ ነበረው። ከናይሮቢ ለቅዳሜና እሑድ መንጠቆ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። ለእነሱ ጀልባ የሚያከራይ፣ መንገድ የሚመራ፣ ምግብ የሚሠራ ሰው ነበር። አንድ ባስ በመንጠቆ ተይዞ ሲለቀቅ እንኳ ገቢ ያስገኛል። ካርፕ ይህን ቦታ አልተካውም። ንስሩም አለ። የናይቫሻ ዓሣ አዳኝ ንስር ከላይ ሆኖ ዓሣውን ለማየት ጥርት ያለ ውሃ ያስፈልገዋል። ባስን የጎዳው ድፍርስ ውሃ ንስሩንም ይጎዳል።

ከ2010ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ የናይል ቲላፒያ እና አምባዛ በሐይቁ ውስጥ ታይተዋል። ከ2019 በኋላ ውሃው ባልተለመደ ሁኔታ ሞልቶ በ2020 ዳርቻው ላይ ያሉ ሰፈሮችን አጥለቀለቀ። ቤታቸውን ጥለው የወጡ ብዙ ናቸው። ድርቅ ባስጨነቀው ሐይቅ ላይ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ጎርፍ ተተካ።

ምን ይደረግ?

ባሱን እንደ ድሮው መመለስ ይቻላል ብዬ አላምንም። የተወሰኑ ቦታዎችን ለእሱ ማዳን ግን ይቻላል። የመጀመሪያው የመራቢያ ቦታ ነው። በናይቫሻ መረብ እንዳይገባባቸው የተከለከሉ የመራቢያ አካባቢዎች አሉ። በወረቀት ላይ ያሉትን ያህል በውሃው ላይ አልተከበሩም። በጥበቃውና በአስጋሪዎቹ መካከልም በተደጋጋሚ ግጭት ተነሥቷል። እኔ ሁለቱንም እረዳለሁ። ልጆቹ የራቡት ሰው ዓሣው ያለበት ቦታ ይሄዳል። ለዚህ ነው ቦታዎቹን አስጋሪዎቹ ራሳቸው እንዲመርጡና እንዲጠብቁ ማድረግ የሚሻለው። የትኛው ጥግ ላይ ባስ ጎጆ እንደሚሠራ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሁለተኛው ከላይ ያለው ገበሬ ነው። ከ2000ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ አንድ ጥሩ ሥራ ተጀምሯል። የታችኛው ውሃ ተጠቃሚዎች፣ የአበባ እርሻዎች ጭምር፣ ለላይኛው ገበሬ ይከፍላሉ። ገበሬው በምላሹ በማሳው ላይ እርከንና የሣር መስመር ይሠራል፣ ዛፍ ይተክላል። አፈሩ ይቀርለታል፣ ሣሩ ለከብቱ ይሆናል። ክፍያው ትንሽ ነው። ሐሳቡ ግን ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው የተተከለው። ገንዘቡ ከታች ወደ ላይ ይሄዳል፣ ጭቃው ከላይ ወደ ታች መውረዱን ይቀንሳል። ይህ በአሥር እጥፍ መስፋት አለበት። ደንገሉም ከዚሁ ጋር ይታያል። በማሌዋ መግቢያ ላይ ከብት የማይገባበት የደንገል ረግረግ ማስመለስ፣ ከማንኛውም ዓሣ መጨመር በላይ ለባስ ይጠቅማል።

ሦስተኛው፣ ከእንግዲህ ምንም አዲስ ዓሣ አለመጨመር ነው። በዚህ አልደራደርም። በመቶ ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ ወደ ናይቫሻ የገባ እያንዳንዱ ፍጥረት የሆነ ሰው መልካም ሐሳብ ነበር፣ ወይም የሆነ ሰው ቸልተኝነት። በላይኛው ተፋሰስ ያለች አንዲት የዓሣ ኩሬም በዚህ ውስጥ ትቆጠራለች። ኩሬዋ የማሌዋ ናት፣ ማሌዋም የሐይቁ ነው።

ስለ ዝዋይ አንድ ነገር

ይህን ሁሉ ስጽፍ ዝዋይ ከሐሳቤ አልወጣም። ዝዋይም በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለ፣ ጥልቀቱ ትንሽ የሆነ፣ ጨዋማ ያልሆነ ሐይቅ ነው። ዳሩ ላይ ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ትልልቅ የአበባ እርሻዎች አሉ። ከናይቫሻ ልምድ ያለው የደች ኩባንያ ነው እዚያም የጀመረው። በፓምፕ የሚሳበው ውሃ በየጊዜው ጨምሯል። ወደ አቢያታ የሚወርደው የቡልቡላ ውሃ ቀንሷል፤ የአቢያታን መሸሽ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ካርፕም ዝዋይ ውስጥ ገብቷል። ቀድሞ ከሚያዘው አብዛኛው ቆሮሶ ነበር። ዛሬ የአምባዛና የካርፕ ድርሻ ከፍ ብሏል።

ዝዋይ ከናይቫሻ የሚለይበት ነገር አለ፤ ቆሮሶው የራሱ ነው። ስለዚህ የሚያጣው ነገር ይበልጣል። ቆሮሶም ዳር ላይ ጎጆ ይሠራል። ጥሩው ነገር እንቁላሉን እናቲቱ በአፏ ትይዛለች፤ ደለል እንደ ባስ እንቁላል አያፍነውም። መረብ ግን ሁለቱንም እኩል ያገኛቸዋል፣ ዳርቻው መሸሹም እኩል ይጎዳቸዋል።

በየማረፊያው የሚመዘነው ዓሣ በጠቅላላ ኪሎ ብቻ ባይመዘገብ መልካም ነው። ቆሮሶው ለብቻው፣ ካርፑ ለብቻው፣ አምባዛው ለብቻው ይጻፍ። ከእያንዳንዱ ጥቂት ዓሣ ርዝመቱ ይለካ። የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ የመለኪያ ሰሌዳና ሥራውን የሚያውቅ አንድ የማኅበር ሰው ነው። ናይቫሻ ላይ ክሬይፊሹ የትንንሾቹን ባሶች መኖሪያ ሲበላ፣ በየዓመቱ ርዝመት የሚለካ ሰው ቢኖር ኖሮ ትንንሾቹ መጥፋታቸው ትልልቆቹ ከመጥፋታቸው በፊት በታየ ነበር።